የጢሮስ ሽልማት፦ ቴታሎስ ወይስ አቴኖዶሮስ?

የቴአትር ሽልማት በተሰጠበት ሁሉ ክርክር ይከተላል። የአሸናፊው ስም ተጠርቶ ተመልካቹ ወደየቤቱ ሲበተን ግማሹ «ይገባዋል» ይላል፤ ግማሹ «ፍርድ ተዛባ» ይላል። ላይ ላዩን ሲታይ ክርክሩ ከሁለት ተዋንያን የትኛው ይበልጣል የሚል ብቻ ይመስላል። ጠለቅ ብሎ ለመረመረው ግን ከሥሩ ሌላ ጥያቄ ይገኛል፤ ይኸውም የተዋናይን ብቃት መዝኖ የመፍረድ መብት የማን ነው? የሚለው ነው። አዳራሹን የሞላው ተመልካች ነው? ለዳኝነት የተሰየሙት ጥቂት ሰዎች ናቸው? ወጪውን የሸፈነው ባለሀብት ነው? ወይስ ከሁሉም በላይ የተቀመጠው ባለሥልጣን?

ይህን ጥያቄ አጉልተው ከሚያሳዩት የጥንት ታሪኮች አንዱ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ331 ዓመት (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) በፊንቄ ጠረፍ፣ በጢሮስ ከተማ የተካሄደው የትራጀዲ ውድድር ነው። በዚያ ውድድር በዘመኑ እጅግ ስመ ጥር የነበሩ ሁለት የግሪክ ተዋንያን፣ ቴታሎስና አቴኖዶሮስ፣ ፊት ለፊት ተገናኙ። ከተመልካቾቹ መካከል ደግሞ የመቄዶንያው ንጉሥ ታላቁ እስክንድር ተቀምጦ ነበር።

እስክንድር ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይደለም። በግዕዝ ሥነ ጽሑፍ ውስጥ የሚታወቀው እስክንድር ፈጣሪውን የሚፈራና እስከ ዓለም ዳርቻ የተጓዘ ንጉሥ ነው። ግሪካዊው ጸሐፊ ፕሉታርክ ስለ ጢሮስ ውድድር ሲተርክ የሚያሳየው እስክንድር ግን ከዚህ ለየት ያለ ነው። ዓለምን ያንበረከከ፣ ነገር ግን በተመልካች ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚወደው ተዋናይ ሲሸነፍ ዝም ብሎ ያየ ሰው ነው። የዚያ ዝምታ ትርጉም የሚገባው ሽልማቱ ከየት እንደመጣና ዳኝነቱ እንዴት ይሰጥ እንደነበረ ሲታወቅ ነው።

ተዋናይ ለብቻው ሲሸለም

የትራጀዲ ውድድር የትውልድ ቦታው አቴና ነው። ከተማይቱ በየዓመቱ በጸደይ ወራት ለዲዮኒሶስ በምታከብረው በዓል ላይ ገጣሚዎች አዳዲስ ተውኔቶቻቸውን ይዘው ይወዳደሩ ነበር። በመጀመሪያ ሽልማቱ ለገጣሚውና የመዘምራኑን ጓድ ወጪ ለሚችለው ባለሀብት ብቻ ነበር። ተዋናዩ የተለየ ክብር አልነበረውም፤ ምክንያቱም በጥንቱ ልማድ ገጣሚው ራሱ የድርሰቱ ተዋናይ ነበርና። ሶፎክለስ ይህን ልማድ የተወው ድምፁ ደካማ በመሆኑ እንደነበር የሕይወት ታሪኩ ጸሐፊ ያወሳል።

ገጣሚው ከመድረክ ሲወርድና ተዋናይነት ራሱን የቻለ ሙያ ሲሆን ሽልማቱም አብሮ ተለወጠ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ449 ዓመት ገደማ በዲዮኒሶስ በዓል ላይ ለትራጀዲ ተዋናይ ለብቻው ሽልማት መስጠት ተጀመረ። በአንድ ተውኔት ውስጥ የሚናገሩት ተዋንያን ከሦስት አይበልጡም ነበር፤ ሁሉም ወንዶች ሲሆኑ ጭምብል እየለዋወጡ የንጉሡንም፣ የንግሥቲቱንም፣ የመልእክተኛውንም ቦታ ይጫወታሉ። ለሽልማቱ የሚወዳደረው ግን መሪ ተዋናዩ ብቻ ነበር።

ከዚህ ሥርዓት ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ነገር አለ። የገጣሚው ሽልማትና የተዋናዩ ሽልማት የተለያዩ ነበሩ። ተውኔቱ ተሸንፎ ተዋናዩ ሊያሸንፍ ይችላል፤ እንዲሁም በተገላቢጦሽ። ይህም ማለት የአቴና ሕዝብ የቃሉን ውበትና ቃሉን የተሸከመውን ድምፅ ለያይቶ መመዘን ይቻላል ብሎ ያምን ነበር ማለት ነው።

ሚዛኑ ግን ቀላል አልነበረም። ፊት በጭምብል ስለሚሸፈን የተዋናዩ ቅንድብ አይናገርም፣ እንባው አይታይም። ያለው መሣሪያ ድምፁና አካላዊ እንቅስቃሴው ብቻ ነው። ፖሎስ ስለተባለው ተዋናይ የሚተረከው ታሪክ ይህን ያስረዳል። ፖሎስ የሶፎክለስን «ኤሌክትራ» ሲጫወት፣ ኤሌክትራ የወንድሟ አመድ ያለበት እየመሰላት ዕቃውን አቅፋ በምታለቅስበት ቦታ ላይ፣ የገዛ ልጁን አመድ የያዘውን ዕቃ ከመቃብር አውጥቶ ይዞ ቀረበ። ተመልካቹ የሰማው የጥበብ ልቅሶ ሳይሆን የአባት ልቅሶ ነበር። እንዲህ ያለውን ድምፅ ከሌላ ድምፅ ጋር አወዳድሮ «ይህ ይበልጣል» ማለት የዳኛ ፈተና ነው።

በአራተኛው ምዕተ ዓመት የተዋንያን ዝና ከገጣሚዎቹ ዝና በላይ ሄደ። ፈላስፋው አሪስቶትል በዘመኑ በሚደረጉት ውድድሮች ከገጣሚዎቹ ይልቅ ተዋንያኑ ኃይል እንዳላቸው ጽፏል። ቴዎዶሮስ የተባለው ተዋናይ ደግሞ ተመልካች መጀመሪያ የሰማውን ድምፅ ይወዳል በማለት ማንም ሌላ ተዋናይ ከእሱ ቀድሞ መድረክ ላይ እንዲወጣ አይፈቅድም ነበር፤ ይህንንም የሚነግረን ያው አሪስቶትል ነው።

የታሸጉት እንስራዎች

አቴናውያን ዳኝነቱ እንዳይዛባ ያደረጉት ጥንቃቄ ዛሬም ያስደንቃል። ከበዓሉ በፊት ለዳኝነት የታጩ ሰዎች ስም በአሥር እንስራዎች ውስጥ ይገባል፤ አንዱ እንስራ ለአንዱ ነገድ ነው። እንስራዎቹ ይታሸጉና በአክሮፖሊስ ላይ በከተማይቱ ግምጃ ቤት ጠባቂዎች እጅ ይቀመጣሉ። ማኅተሙን የነካ ሰው በሕይወቱ ይወራረድ እንደነበር ከዘመኑ የፍርድ ቤት ንግግር መረዳት ይቻላል። በውድድሩ ቀን ከእያንዳንዱ እንስራ አንድ ስም በዕጣ ይወጣና አሥሩ ዳኞች በእውነት ሊፈርዱ ይምላሉ። ብዙ ሊቃውንት እንደሚስማሙበት ከአሥሩም ድምፅ መጀመሪያ የሚቆጠሩት በዕጣ የወጡት አምስቱ ብቻ ነበሩ። ዕጣ በዕጣ ላይ የተደራረበው ጉቦ ሰጪው የማንን እጅ መጨበጥ እንዳለበት እንዳያውቅ ነው።

ይሁን እንጂ ዳኛው በተመልካች መካከል ተቀምጦ የሚፈርድ ሰው ነው። ተመልካቹ ደግሞ ዝምተኛ አልነበረም። የወደደውን በጭብጨባ ያነሣዋል፤ የጠላውን በፉጨት ያወርደዋል፤ አልፎ አልፎም ተዋናይን በፍራፍሬ ይወግር እንደነበር ከዲሞስቴኒስ ንግግር ይታወቃል። ፈላስፋው ፕላቶን ይህን አይቶ፣ ዳኛ የተመልካቹ መምህር እንጂ ደቀ መዝሙር አይደለም፣ በሕዝብ ጩኸት ተገፍቶ መፍረድ ፈሪነት ነው የሚል አሳብ ጽፏል። አሳቡ ሁለት ፊት አለው። በአንድ በኩል የዳኛን ኅሊና ከጩኸት ይጠብቃል። በሌላ በኩል ግን ጥበብ የተፈጠረለትን ሕዝብ ከፍርዱ ደጅ ያቆመዋል። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተቋጨም።

በተዋንያኑም ላይ የተወሰደ ሌላ ጥንቃቄ ነበር። ቀደም ሲል አንድ ተዋናይ ለአንድ ገጣሚ በዕጣ ይደርሰው ስለነበር፣ ምርጡን ተዋናይ ያገኘ ገጣሚ በዕድል ብቻ ይጠቀም ነበር፤ ደካማ ድርሰት የደረሰው ተዋናይም እንዲሁ በዕድል ይጎዳል። በኋላ ይህ ተሻሻለ። ከክርስቶስ ልደት በፊት የ341 ዓመትን ውድድር የሚያትተው በድንጋይ የተቀረጸ መዝገብ ሥርዓቱን በግልጽ ያሳያል። ሦስት ገጣሚዎች እያንዳንዳቸው ሦስት ትራጀዲ አቀረቡ፤ ሦስቱ ተዋንያን ማለትም ቴታሎስ፣ ኒዮፕቶሌሞስና አቴኖዶሮስ ከእያንዳንዱ ገጣሚ አንድ አንድ ተውኔት ወሰዱ። በዚያ ዓመት አንደኛ የወጣው የገጣሚው የአስቲዳማስ ሥራዎች «አኪለስ» በቴታሎስ፣ «አታማስ» በኒዮፕቶሌሞስ፣ «አንቲጎኔ» በአቴኖዶሮስ መሪነት ቀረቡ። የተዋንያኑን ሽልማት ያገኘው ኒዮፕቶሌሞስ ነበር።

መዝገቡ ይበልጥ የሚያስደንቀው የሦስት ተከታታይ ዓመታት አሸናፊዎች ሲነጻጸሩ ነው። በ342 አቴኖዶሮስ፣ በ341 ኒዮፕቶሌሞስ፣ በ340 ቴታሎስ አሸነፉ። ቴታሎስ ከዚያም በፊት በ347 ሌላ ድል ነበረው። ስለዚህ ቴታሎስና አቴኖዶሮስ ጢሮስ ላይ ሲገናኙ እንግዶች አልነበሩም። በአንድ መድረክ ላይ ያረጁ፣ አንዱ ሌላውን ያሸነፈና በሌላው የተሸነፈ፣ የአንዱ ድምፅ የት ላይ እንደሚሰበር ሌላው የሚያውቅ እኩዮች ነበሩ።

ለንጉሥ ልጅ መልእክተኛ የሆነ ተዋናይ

እስክንድር ቴታሎስን ይወደው ነበር። ፍቅሩ ግን ከመድረክ ጥበብ ብቻ የመነጨ አልነበረም፤ በመካከላቸው የባለውለታነት ታሪክ አለ።

በዚያ ዘመን ስመ ጥር ተዋናይ ከከተማ ከተማ እየተዘዋወረ ስለሚሠራና በየአደባባዩ ስለሚከበር፣ ለፖለቲካ መልእክተኛነትም ይፈለግ ነበር። እስክንድር ገና ወጣት አልጋ ወራሽ ሳለ አባቱ ፊልጶስ ለሌላው ልጁ ለአርሂዴዎስ የካርያን ገዢ የፒክሶዳሮስን ሴት ልጅ ሊያጭ መሆኑን ሰማ። አባቴ ዙፋኑን ለሌላ ሊያወርሰው ነው ብሎ ስለሠጋ ቴታሎስን በምሥጢር ወደ ፒክሶዳሮስ ልኮ ልጅቷን ለራሱ አስጠየቀ። ነገሩ ሲገለጥ ፊልጶስ እጅግ ተቆጣ። ልጁን ክፉኛ ገሠጸው፤ የልጁን ባልንጀሮች አጋዛቸው። የቆሮንቶስ ሰዎችም ቴታሎስን በሰንሰለት አስረው እንዲልኩለት ጻፈ።

እንግዲህ ቴታሎስ በእስክንድር ፊት በጢሮስ መድረክ ላይ ሲቆም ተዋናይ ብቻ ሆኖ አልነበረም። ለእሱ ሲል በንጉሥ ቁጣ ውስጥ የገባ ሰው ነበር። ዳኛ ቢሆን ኖሮ እስክንድር ሚዛኑን የሚይዝበት እጅ አስቀድሞ የከበደ ነበር።

በተቃጠለች ከተማ የተዘረጋ መድረክ

ውድድሩ የተካሄደበት ቦታም ያለ ምክንያት የተመረጠ አይደለም። ከአንድ ዓመት በፊት፣ በ332፣ እስክንድር በጢሮስ ለሄራክልስ መሥዋዕት ላቅርብ ብሎ ጠየቀ፤ ጢሮሳውያን ሄራክልስ ተብሎ የተጠራው የራሳቸው አምላክ መልቃርት ነበርና አናስገባም አሉ። ከዚህ በኋላ ሰባት ወር የፈጀ ከበባ ተደረገ። ከተማይቱ በደሴት ላይ የተቆረቆረች ስለነበረች የመቄዶንያ ሠራዊት ድንጋይና ግንድ እያፈሰሰ በባሕር ውስጥ መንገድ ሠራ። የቆጵሮስ ነገሥታት 120 ያህል መርከቦች ይዘው ወደ እስክንድር ጎን መግባታቸው የጢሮስን ዕጣ ወሰነ። ከተማይቱ ስትወድቅ፣ ታሪክ ጸሐፊው አሪያን እንዳሰፈረው፣ 8,000 ያህል ሰዎች ተገደሉ፤ 30,000 ያህሉ ለባርነት ተሸጡ። ኩርትየስ የተባለው ሌላው ጸሐፊ ደግሞ 2,000 ሰዎች በባሕሩ ዳር ለዳር ተሰቀሉ ይላል።

በ331 እስክንድር ከግብፅ ሲመለስ የትራጀዲውን መድረክ የዘረጋው በዚህች ከተማ ነው። የአቴና ሥርዓት እንዳለ ተወረሰ፤ የሰዎቹ ማንነት ግን ተለወጠ። በአቴና የመዘምራኑን ወጪ የሚችሉት ከየነገዱ የሚወጡ ባለሀብት ዜጎች ነበሩ፤ በጢሮስ በዚያ ቦታ የቆሙት ከዓመት በፊት በመርከቦቻቸው የረዱት የቆጵሮስ ነገሥታት ናቸው። ከሁሉም የበረታው ፉክክር በስልማናው ንጉሥ በኒኮክሬዎንና በሶሊው ንጉሥ በፓሲክራቴስ መካከል ነበር። ተዋንያኑ በዕጣ ተደለደሉ፤ ቴታሎስ ለኒኮክሬዎን፣ አቴኖዶሮስ ለፓሲክራቴስ ደረሰ።

ዳኞቹስ እነማን ነበሩ? ፕሉታርክ እንደሚለው ከእስክንድር ጦር አዛዦች መካከል እጅግ የታወቁት ነበሩ። ለዚህ በአቴና ታሪክ ምሳሌ አለው። በ468 ወጣቱ ሶፎክለስ ከአንጋፋው ኤስኪለስ ጋር ሲወዳደር ተመልካቹ በሁለት ጎራ ተከፍሎ ስለተጋጋለ፣ የበዓሉ ኃላፊ እንስራዎቹን ትቶ ያኔ ወደ ቴአትሩ የገቡትን ኪሞንንና ዘጠኙን የጦር አዛዦች ምለው እንዲፈርዱ አደረገ። ሶፎክለስ አሸነፈ።

በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ግን የሰማይና የምድር ነው። ኪሞንና ጓደኞቹ ሕዝብ የመረጣቸው፣ ከአሥሩ ነገዶች የወጡ ዜጎች ነበሩ። የጢሮሶቹ ዳኞች ሹመታቸውም፣ ርስታቸውም፣ ነፍሳቸውም በአንድ ሰው እጅ ያለ ወታደሮች ነበሩ። ያ ሰው ደግሞ በተመልካች መካከል ተቀምጧል።

ፍርዱና ከፍርዱ በኋላ የተነገረው ቃል

ዳኞቹ ለአቴኖዶሮስ ፈረዱ።

ይህ ሊሆን የቻለበትን ምክንያት ፕሉታርክ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያስረዳዋል፤ እስክንድር ፍርዱ እስኪነገር ድረስ ምኞቱን ለማንም አልገለጠም። አዛዦቹ የጌታቸውን ልብ ስላላወቁ ባዩትና በሰሙት ብቻ ሊፈርዱ ቻሉ። አቴናውያን በታሸገ እንስራና በዕጣ ያገኙትን ነጻነት የጢሮስ ዳኞች ያገኙት በአንድ ሰው ዝምታ ነው።

እስክንድር ከቴአትሩ ሲወጣ ግን ዝምታውን ሰበረ። የዳኞቹን ውሳኔ እንደሚቀበል፣ ነገር ግን ቴታሎስ ሲሸነፍ ከማየት ይልቅ ከመንግሥቱ ከፊሉን ቢያጣ ይመርጥ እንደነበረ ተናገረ።

ሽልማቱ ለማን ይገባ ነበር? የሚለው ክርክር እዚህ ላይ ይነሣል። ለቴታሎስ የሚከራከር ሰው የሚያነሣቸው ነጥቦች ቀላል አይደሉም። በአቴና መዝገብ ሁለት ጊዜ አሸናፊ ሆኖ የተጻፈ ነው፤ አቴኖዶሮስ እስከዚያ ቀን ድረስ በዚያው መዝገብ አንድ ድል ብቻ ነበረው። በጦር ሜዳ ያደጉት ዳኞች የትራጀዲን ረቂቅ ነገር ከእስክንድር ይልቅ ሊያውቁ አይችሉም፤ እስክንድር የአሪስቶትል ደቀ መዝሙር ነበር፤ በግጥም ያደገ፣ ወደ እስያ ጥልቅ በዘመተ ጊዜም የኤስኪለስን፣ የሶፎክለስንና የዩሪፒደስን ትራጀዲዎች አስልኮ ያነበበ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ተመልካች ቴታሎስን ከመረጠ ምርጫው ዋጋ የለውም ሊባል አይችልም።

ለአቴኖዶሮስ የሚከራከረው ደግሞ እንዲህ ይላል። የትናንት ድል ለትናንት ሥራ የተከፈለ ዋጋ ነው፤ የዛሬ ሽልማት በዛሬው መድረክ ላይ ለታየው ነው። እስክንድር ቴታሎስን ሲያይ የሚያየው የመድረኩን ሰው ብቻ አልነበረም፤ በሰንሰለት እንዲታሰር የተፈለገውን ወዳጁንም ነበር። ውለታ የተከበረ ነገር ነው፤ ነገር ግን በሙያ ሚዛን ላይ ሲቀመጥ ሚዛኑን ያዛባል። አዛዦቹ ከሁለቱ ተዋንያን ለአንዱም ውለታ አልነበረባቸውም። ምናልባት የትራጀዲን ረቂቅ ነገር ከንጉሡ ያነሰ ያውቁ ይሆናል፤ ጆሯቸው ግን ነጻ ነበር።

የሁለቱም ድምፅ ከዚያ ቀን ጋር አብሮ ጠፍቷል። በዚያ ቀን የተጫወቱትን ተውኔት ስም እንኳ ፕሉታርክ አልተወልንም። የገጣሚ ሥራ በብራና ይቆያል፤ የተዋናይ ሥራ ግን ትንፋሽ ነው፤ ከተተነፈሰ በኋላ አይመለስም። ስለዚህ የተዋናይን ሽልማት ትውልድ ተነሥቶ ሊያርመው አይችልም። የተበደለ ገጣሚ ከመቶ ዓመት በኋላ ይካሳል፤ የተበደለ ተዋናይ ግን እንደተበደለ ይቀራል። ለዚህ ነው በተዋናይ ላይ የሚሰጥ ፍርድ ከማንኛውም የጥበብ ፍርድ ይልቅ ንጽሕና የሚያስፈልገው።

ከዚህ አንጻር ሲመዘን የእስክንድር ዝምታ ታላቅ ነበር፤ ከዝምታው በኋላ የተናገረው ቃል ግን ያንን ታላቅነት ቀንሶታል። ቃሉ ያለፈውን ፍርድ አልሻረም፤ የሚመጣውን ፍርድ ግን በቁሙ በከለው። ከዚያ ቀን በኋላ በእስክንድር ፊት ለዳኝነት የሚቀመጥ አዛዥ ሁሉ የንጉሡ ልብ ከማን ጋር እንደሆነ ያውቃል። ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ የሚለው የአበው አባባል እንደሚያስገነዝበው፣ የማይከሰስ ሰው የሚናገረው ቃል ምኞት ሆኖ አይቀርም፤ ለሰሚው ትእዛዝ ይሆናል። የመንግሥቱን ከፊል እሰጥ ነበር ያለ ንጉሥ ባለበት፣ በሚቀጥለው ውድድር ለአቴኖዶሮስ ድምፁን የሚሰጥ ዳኛ ጥበብ የሚያውቅ መሆኑ ብቻ አይበቃውም፤ ደፋርም መሆን ይኖርበታል።

መቀጮው

የአቴኖዶሮስ ድል ያለ ዕዳ አልመጣም። በአቴናው የዲዮኒሶስ በዓል ላይ ሊጫወት የገባውን ግዴታ ስላልፈጸመ አቴናውያን መቀጮ ጣሉበት። ከተማይቱ በዓሏን ለንጉሥ ግብዣ ልትለቅ አልፈለገችም። አቴኖዶሮስ እስክንድር ስለ እሱ ለአቴናውያን ደብዳቤ እንዲጽፍለት ለመነ። እስክንድር ደብዳቤውን አልጽፍም አለ፤ የመቀጮውን ገንዘብ ግን ከራሱ ኪስ ከፈለለት።

ነገሩ ከላይ ሲታይ ልግስና ነው፤ ያውም የሚወደውን ተዋናይ ላሸነፈበት ሰው የተደረገ ልግስና። ከሥሩ ሲታይ ግን ጥበበኛው በዚያ ዘመን የነበረበትን ሁኔታ ይገልጣል። ደብዳቤ ቢጻፍ ኖሮ የከተማይቱ ሕግ በንጉሥ ቃል ተሻረ ይባል ነበር። ገንዘቡ ሲከፈል ሕጉ በክብሩ ቆመ፤ ኃይሉ ግን ተሸረሸረ። መቀጮ የሚያስፈራው ከባለ ዕዳው ኪስ ሲወጣ ነው። ከንጉሥ ግምጃ ቤት የሚከፈል መቀጮ ተዋናዩን የሚያስተምረው ለከተማው ሕዝብ የገባውን ቃል ማጠፍ እንደሚቻል ነው። ሊቆን የተባለው የኮሜዲ ተዋናይ በእስክንድር ፊት ሲጫወት አሥር መክሊት የሚለምን አንድ ስንኝ በድርሰቱ መካከል ማስገባቱንና ንጉሡም ስቆ መስጠቱን ያው ፕሉታርክ ይተርካል። በአቴና ሕዝብ ፊት እንዲህ ያለ ስንኝ ቦታ አልነበረውም።

አቴናውያን ግን በሌላ በኩል ታላቅነታቸውን አሳይተዋል። አቴኖዶሮስ በ329 በዲዮኒሶስ በዓል ላይ እንደገና ቀርቦ አሸነፈ፤ ስሙም በድንጋዩ መዝገብ ላይ ሰፈረ። ቃሉን ስላጠፈ የቀጣችው ከተማ በመድረክ ላይ ለሠራው ሥራ ሸለመችው። ጥፋቱን በመቀጮ፣ ጥበቡን በሽልማት፣ እያንዳንዱን በየሚዛኑ መዘነች። እስክንድር በቴታሎስ ጉዳይ ለያይቶ ማየት ያቃተውን ሰውዬውንና ሥራውን፣ በዕጣ የተመረጡት ተራ ዜጎች ለያይተው አዩት።

ዳኛ የሚንቀጠቀጥበት መድረክ

እስክንድር ዝም ባይል ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ለማወቅ ከአራት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ የሆነውን ማየት ይበቃል። በ67 ዓ.ም. የሮማው ቄሣር ኔሮን ወደ ግሪክ አገር ወርዶ በየበዓሉ እየዞረ ዘፈነ፣ ትራጀዲ ተጫወተ፣ ሠረገላ ነዳ። ሁሉንም አሸነፈ። በኦሊምፒያ ከሠረገላው ወድቆ ውድድሩን ሳይጨርስ ዘውዱ ተሰጠው። ካሲየስ ዲዮ የተባለው ታሪክ ጸሐፊ ሲመለስ ይዞ የገባውን የድል ዘውድ ብዛት 1,808 ያደርሰዋል። ሱዌቶኒየስ ደግሞ ቄሣሩ ሲዘፍን ከቴአትሩ መውጣት ክልክል እንደነበረ ይተርካል። ኔሮን ሞቶ ጋልባ ሲነግሥ ለኦሊምፒያ ዳኞች የተሰጠው ገንዘብ እንዲመለስ ተጠየቀ።

ከእነዚያ 1,808 ዘውዶች መካከል «ይገባው ነበር ወይስ አይገባውም?» የሚል ክርክር የሚያስነሣ አንድም የለም። ክርክር የሚኖረው መሸነፍ በሚቻልበት ቦታ ነው። ዳኛው ሊሳሳት ይችላል፤ ተመልካቹ ሊያጉረመርም ይችላል፤ አሸናፊው «አልተገባውም» ሊባል ይችላል፤ ይህ ሁሉ የሽልማቱ ጤንነት ምልክት ነው። ማንም የማይከራከርበት ሽልማት ማንም የማያምንበት ሽልማት ነው።

ሱሳ ላይ

የቴታሎስና የአቴኖዶሮስ ስም አብሮ ለመጨረሻ ጊዜ ተጠቅሶ የሚገኘው በ324 ነው። እስክንድር ከህንድ ዘመቻ ተመልሶ በሱሳ ከተማ ለራሱና ለአዛዦቹ በአንድ ጊዜ ታላቅ ሠርግ ደገሰ። በዚያ ድግስ ላይ ከቀረቡት ጥበበኞች መካከል ሁለቱም የትራጀዲ ተዋንያን፣ ቴታሎስና አቴኖዶሮስ፣ እንደነበሩ የንጉሡ ባለሟል የነበረው ካሬስ መዝግቧል። ከ341 ዓመት ውድድር ጀምሮ ሲቆጠር አሥራ ሰባት ዓመታት አልፈዋል። ተሸናፊው አልጠፋም፤ አሸናፊውም ተፎካካሪውን ከመድረክ አላባረረም። ለሱሳ ድግስ ከሁለቱ የትኛው እንደበለጠ የጻፈ ሰው የለም።

ጢሮስ ላይ ሽልማቱ የተገባው ለቴታሎስ ይሁን ለአቴኖዶሮስ የሚመሰክር ጆሮ ከጠፋ ሃያ ሦስት ምዕተ ዓመታት አልፈዋል። የተረፈው ምስክርነት የፍርዱ ሥርዓት ብቻ ነው። ከነዚያ ዳኞች አንዱ ትራጀዲ የሚያውቅ፣ ሌላው የማያውቅ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ለአንድ ከሰዓት በኋላ የዓለምን ጌታ ልብ ሳያውቁ ፈረዱ። የአቴኖዶሮስ ሽልማት ክብሩ ከዚህ የመጣ ነው። ንጉሡ አንድ ቃል አስቀድሞ ተናግሮ ቢሆን ኖሮ ያው ሽልማት ለቴታሎስ በተሰጠው ነበር፤ ቴታሎስም፣ ምናልባት የሚገባውን ሽልማት፣ መቼም ቢሆን በጥበቡ ማግኘቱን ሳያውቅ በኖረ ነበር።